ጆንያ የለበሰችው ጣውንቴ

ሰልፉ ረጅም ነበር። ከሱብሂ ሶላት በኋላ ወጥተን ባልዲውን፣ እንስራውን፣ የዘይት ቆርቆሮውን በቦኖው ፊት ደርድረናል። ቧንቧው አንዴ አስሎ አየር ተፋ፣ ዝገት የቀላቀለ ጠብታ ጣለ፣ ከዚያ ዝም አለ። ሴቱ ማጉረምረም ሳይጀምር የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጠመንጃ የያዙ ሁለት ጥበቃዎች አስከትሎ ከላይ ከገደሉ በኩል ወረደ። ጫማው ላይ የአመዳዩ ነጭ ገና አልረገፈም። ቱቦው ገደሉን በሚሻገርበት ቦታ ተሰንጥቋል አለን። ከብርድ የሚከላከልለትን ጆንያ ገፎ ያራቆተው ሰው አለ፣ ይህ አሻጥር ነው፣ ያደረገውም ይገኛል አለ። እስከዚህ ድረስ ፊቴን አልለወጥኩም። ባልዲዬን ላነሳ ጎንበስ ስል ግን በሰልፉ ጭራ ላይ ያቺን የባላገር ሴት አየኋት። ልጇን አዝላለች። በልጁ ላይ የደረበችው ጆንያ የኛ ጆንያ ነው፤ የጤፍ ጭዱ ገና ከላዩ ላይ አልተራገፈም፣ ጫፉ ላይ ያለው ቋጠሮም ከባሌና ከኔ በቀር ማንም የማይቋጥረው ቋጠሮ ነው። ሌላ ሰው ልብ አላለውም። ጆንያውን በእጄ የሰጠኋት እኔ ነኝ።

ይህ ከሆነ ሃያ ምናምን ዓመት አልፎታል። ዓመተ ምሕረቱን ልቆጥር ስል ይምታታብኛል፤ የማውቀው ልጄ ሩቅያ የፊት ጥርሷ የወለቀበት ዓመት መሆኑን ነው። መጻፍም የተማርኩት በዚያው ዘመን በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ ፊደሌ ጠማማ ነው፣ አንባቢ ይታገሰኝ። ያስታወሰኝ ያለፈው ሳምንት ቁፋሮ ነው። እዚህ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈራችን፣ አሮጌውን የብረት ቱቦ አውጥተው ጥቁር ፕላስቲክ ሊቀብሩ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ገለበጡት። የእርጥብ አፈርና የዛገ ብረት ሽታ በመስኮት ሲገባ፣ ይመር ከሥራ የመጣ መሰለኝ። የባሌ ሽታ ይኸው ነበር፤ እርጥብ አፈርና ዝገት፣ ትንሽም የልብስ ሳሙና። ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወጣሁ። ቆፋሪዎቹ በስልካቸው ዘፈን ከፍተው ይሳሳቃሉ። እስከምን ድረስ ነው የምትቆፍሩት ብዬ አንዱን ጠየቅሁት። እስከ ጉልበት አለኝ።

"እስከ ወገብህ አድርገው፣ ልጄ። ውርጭ አለ።"

"ማዘር፣ ይኼ ፕላስቲክ ነው፤ ጃኬት አይፈልግም" ብሎ ሳቀ።

ሳቁ አልከፋኝም። ጃኬት ሲል ግን ሄጄ ካወጡት ድንጋይ አንዱ ላይ ተቀመጥኩ። ቱቦ ልብስ ይለብስ እንደነበር ለዚህ ልጅ ማን ነገረው?

ሙሽራ ሆኜ ወደዚህ ሰፈር ስመጣ ደሴ ሌላ ነበረች። ዛሬ ባጃጅ የሚርመሰመስበት ፒያሳ ያኔ ጋሪና ሰው ነበር። ሻይ አስር ሳንቲም፣ ፓስቴ አምስት ሳንቲም፣ የልጅ ኮንጎ ጫማ ሁለት ብር ከስሙኒ። የየመኖቹ ሱቅ በር ላይ ስትደርስ የቴምርና የሄል ሽታ እንደ ደላላ እጅሽን ይዞ ያስገባሻል፤ ምንም ባትገዢ እንኳ ባለሱቁ ሽማግሌ አንዲት ፍሬ ቴምር በመዳፍሽ ላይ ሳያኖር አይሰድሽም። ከሱቁ ጎን፣ የድሮ ሰገነት ጥላ ሥር፣ አንድ ልብስ ሰፊ ነበር። የኒካዬን ሰማያዊ ቀሚስ የሰፋልኝ እሱ ነው። በእግሩ የሚረገጠውን መኪናውን እየመታ፣ መርፌ በከንፈሩ ይዞ፣ ሴቱን ሁሉ በቀልድ ያፈርሳል፤ ወገብሽን ለካሁት፣ ምላስሽን ግን ሜትሬ አልበቃውም ይላል። ከመኪናው በላይ ራዲዮው የትዝታ ዘፈን ይለቃል፣ እሱም አብሮት ያንጎራጉራል። ኋላ ቀን ሲለወጥ ካኪ ለበሰ፣ ሊቀመንበር ሆነ፣ ቀልዱም በዚያው ቀረ። ስኳር በወረፋ፣ ሳሙና በወረፋ ሆነ፤ የቀበሌው ኪነት ልጆች በሠርግ ዜማ የሰልፍ ግጥም እየዘፈኑ በፒያሳ ያልፋሉ። እኔ ግን፣ አላህ ያውቃል፣ ያንንም ዘመን እወደው ነበር። ወጣት ነበርኩ፣ ቀሚሴ ሰማያዊ ነበር፣ ባሌም ማታ ይገባ ነበር።

ይመር የውሃ ሠራተኛ ነበር። ከጦሳ ተራራ ሥር ካለው ምንጭ ወደ ሰፈራችን የሚመጣውን ቱቦ የሚጠብቅ እሱ ነው። ቱቦው በጣሊያን ጊዜ የተዘረጋ ብረት ነበር፤ አብዛኛው መሬት ውስጥ ተቀብሯል፣ ከቤታችን በላይ ያለው ገደል ላይ ሲደርስ ግን ወጥቶ በብረት እግሮች ላይ ቆሞ ይሻገራል። ሃያ ክንድ ይሆናል። ይመርን የሚያስጨንቀው ያ ሃያ ክንድ ነበር። ማታ ማታ ማጠራቀሚያው እንዲሞላ ውሃው ይዘጋል፤ ስለዚህ ቱቦው ውስጥ የቀረው ውሃ ቆሞ ያድራል። ከጥቅምት እስከ ጥር ደግሞ ውርጭ ነው። የቆመ ውሃ ሲረጋ ያብጣል፣ ሲያብጥ ብረቱን ይሰነጥቃል፣ አሮጌ ብረት ደግሞ እንደ አሮጌ ጥርስ ነው ይለኝ ነበር። ታዲያ በየዓመቱ ጥቅምት ሲጠባ ቱቦውን ያለብሳታል። መጀመሪያ የጤፍ ጭድ በጭቃ ለውሶ ይመርግባታል፣ ከዚያ ጆንያ ይጠቀልልባታል፣ በመጨረሻ በቃጫ ገመድ ያስራታል። ቋጠሮው ሁለት ጊዜ ዞሮ በራሱ ሥር የሚያልፍ ነው፤ ለእኔም አስተምሮኛል። የሰፈሩ ሴቶች ያን ቀን እንደ በዓል ይጠብቁታል። በተለይ ጎረቤታችን እማማ ፋጤ፣ አላህ ይርሐማት፣ ዱላዋን ተደግፋ ገደሉ አፋፍ ላይ ትቆምና ትጀምረዋለች።

"ይመር፣ ሚስትህ በአንድ ቀሚስ ዓመት ትከርማለች፣ አንተ ብረት ታለብሳለህ?"

"እማማ፣ ሚስቴ ቢበርዳት ትነግረኛለች። ይቺ አትናገርም።"

"እንግዲህ ዘሀራ፣ ጣውንትሽን ቻያት" ትለኛለች ወደ እኔ ዞራ። ሴቱ ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ። ከዚያ ወዲያ የቱቦዋ ስም ጣውንቴ ሆኖ ቀረ። ውሃው ሲደክም ዛሬ ጣውንትሽ አኩርፋለች ይሉኛል፤ ሲበረታ ጣውንትሽ ደስ ብሏታል። ይመር ለሥራ ሲሄድ ገመዷን የማጠብቅላት እኔ ነበርኩ። እንዲያውም እወዳት ነበር።

ሁልጊዜ በጭድ አይኖርም ይል ነበር ይመር። ያን ሃያ ክንድ የሚተካ አዲስ ቱቦ መጥቷል፤ ኮምቦልቻ መጋዘን ግቢ ውስጥ ተቆልሏል፤ አንድ የጭነት መኪና ብቻ ነው የጎደለው። ገደሉን ዞሮ፣ እስከ ወገብ ተቆፍሮ፣ አፈር ለብሶ ቢሄድ ውርጭ አያገኘውም። በየዓመቱ ይህንኑ ያመለክታል። በየዓመቱ መኪና የለም፣ ለሚቀጥለው ዓመት ይባላል። ማመልከቻውን የሚጽፈው እሱ ራሱ ነው፣ በጥንቃቄ፤ ጨርሶ ሲያነብልኝ ለአንድ ባለሥልጣን ሳይሆን ለልጁ ሐኪም የሚለምን ይመስላል። መሠረተ ትምህርት የገባሁትም ያን ወረቀት በራሴ ላነብ ብዬ ነው። ማንበብ ስችል ግን መልሱን አነበብኩ፤ መልሱ አንድ መስመር ነበር።

ያ ዓመት የሆነውን ወሎዬ ሁሉ ያውቀዋል፤ ብዙ አልጽፍም። ዝናብ ቀረ፣ ባላገሩ ወደ መንገድ ወጣ። መኪናው ሁሉ እህል ጫኝ ሆነ፤ ለቱቦ የሚተርፍ አልነበረም፣ ማንም አይወቅስም። ደሴ በሰው ሞላች። በየግንቡ ጥግ፣ በየመስጊዱ አጥር ሥር ሰው ተኝቷል። ካለን ላይ እንሰድቅ ነበር፤ ጥሬ ቆልተን፣ ቅንጬ ቀቅለን። ኋላ የኛም አለቀ። አንዲት ጋቢ ቀርታኝ ነበር፣ እሷን ሩቅያ ትለብሳለች። ጥቅምት ሲገባ ይመር ጣውንቴን እንደ ልማዱ አለበሳት። ጆንያ ማግኘት ግን ያን ዓመት ከእህል አይተናነስም፤ ሰው ሁሉ ለመልበስ ይፈልገዋልና። ይመር ያገኛትን ሁሉ ጠጋግኖ ሸፈናት። ጆንያዎቹ የመንግሥት ናቸውና ቢጠፉ ይጠይቁኛል ብሎ አስጠነቀቀኝ። ከዚያ እንደገና ስለ ቱቦው ሊለምን ለሁለት ቀን ኮምቦልቻ ወረደ።

በሄደ ማግስት መግሪብ ሲደርስ ገመዱን ላጠብቅ ወደ ገደሉ ወጣሁ። ከቱቦው ሥር፣ ገደሉ ውስጥ፣ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። ስሟ ጦይባ ነው፤ ከአምባሰል በኩል በእግሯ የመጣች። ባሏን መንገድ ላይ ቀብራለች። ጡት የሚጠባ ልጅ ታቅፋለች፤ የልጁ ከንፈር ሰማያዊ ሆኗል። ልጁ አያለቅስም። የሚያለቅስ ልጅ ባየሁ ይሻለኝ ነበር። ምንም አልለመነችኝም፣ ያ ነው ያቃጠለኝ፤ አየችኝና ፊቷን ወደ ልጇ መለሰች። ወደ ቤት ልውሰዳት ብል ቤታችን የቀበሌ ነው፤ እንግዳ ሳያስመዘግቡ ማሳደር በዚያን ጊዜ ያስጠይቃል፣ እኔም ፈሪ ነኝ። ወደ ሰማይ አየሁ። ደመና ነበር። ጦሳ እስከ አንገቱ ተሸፍኗል። ይመር ያስተማረኝን አስታወስኩ፤ ደመና ያለበት ሌሊት ውርጭ አይጥልም፣ ደመና የሰማይ ጋቢ ነው ይለኝ ነበር። ታዲያ ዛሬን ብቻ አልኩ። ለአንድ ሌሊት። ነገ ሱብሂ ሰግጄ መልሼ አለብሳታለሁ። ከመካከሏ ሁለቱን ወፍራም ጆንያ ፈታሁ፤ ጭዱ ከላዩ ሳይራገፍ፣ ጫፉ ላይ የቀረው ቋጠሮም ሳይፈታ፣ አንዱን ለእናት አንዱን ለልጅ አለበስኩ። አብሽሪ፣ እህቴ፣ ነጋ አልኳት። "አላህ ይሸፍንሽ" አለችኝ። እንዴት ያለ ዱዓ ነው፤ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ጣውንቴን አራቁቼ ቤቴ ገብቼ ተኛሁ፣ ደስ ብሎኝም ነበር፤ ይህን አልደብቅም።

ጠዋት በሩን ስከፍት ሳሩ ነጭ ነው። ጎመኑ እንደ ብርጭቆ ቆሟል። ሰማዩ አንዲት ደመና የለበትም። የቀረውን ጽፌዋለሁ፤ ቦኖው አሳለ፣ ዝም አለ፣ ልብስ ሰፊው ሊቀመንበር ወረደ። ለምን እንዲያ እንደተቆጣ ኋላ ነው የገባኝ። በዚያው ሰሞን ከበላይ እንግዶች ይመጣሉ፤ የተፈናቀለው ሕዝብ ንጹሕ ውሃ ሲጠጣ ሊያዩ ነው። ውሃ ማሳየት ካልቻለ ደግሞ ውሃውን ያጠፋውን ማሳየት አለበት። ጆንያውን የፈታ ሰው ካያችሁ ተናገሩ ብሎ በሰልፉ ላይ አንድ በአንድ ዓይናችንን ያይ ጀመር። ጦይባ ምንም አልገባትም፤ ከኋላ ሆና ውሃው መቼ ይመጣል ብላ ትጠይቃለች። ወደ እኔ ብታይ፣ አላህ ይስጥሽ ብትለኝ፣ አለቀልኝ። ልሂድ ብል የሄደ ይጠረጠራል። ቆምኩ። ሩቅያ ቀሚሴን ይዛለች።

ይመር ከኮምቦልቻ አውቶቡስ ወርዶ የደረሰው እዚያው እንደቆምን ነው። ነገሩት። ገደሉ ላይ ወጥቶ አይቶ ተመለሰ። ሲመለስ ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ የታመመ ሰው ጠይቆ የመጣ ይመስል ነበር። ሰልፉን አየ፣ እኔን አየ፣ እኔ መሬት አየሁ። ከዚያ ዓይኑ ጦይባ ላይ አረፈ፣ ቋጠሮው ላይ። በቀስታ ሄደ። ልጁን የሚደብስ መስሎ የጆንያውን ጫፍ ወደ ውስጥ አጠፈላትና ቋጠሮውን ሸሸገ። ዞሮ ለሊቀመንበሩ ጆንያውን የፈታሁት እኔ ነኝ አለ። ጭዱ ረጥቦ ነበር፣ ላደርቀው ፈታሁት፣ ሳልመልሰው መንገድ ሄድኩ አለ።

"ረሳሁ ነው የምትለኝ?" አለው ልብስ ሰፊው።

"ረሳሁ።"

በሰልፉ ውስጥ ያለች ሴት ሁሉ ውሸት መሆኑን ታውቃለች። ይመር የሚስቱን ስም ቢረሳ እንኳ ያቺን ቱቦ አይረሳም። እማማ ፋጤ አፏን ከፈተች፣ ልትቀልድ ይሁን ልትመሰክር እንጃ፣ ከዚያ ዘጋችው።

ስንጥቁን ሳይጠግን ውሰዱኝ አላለም። ከመነዳሪ የሚባለውን የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጦ ጠመጠመበት፣ በሽቦ አጠበቀው፣ ቀን ሲሞቅ ውሃው ቀጭን ሆኖ መጣ። ከዚያ መፍቻውን ቤት እንዲያስቀምጥ ፈቀዱለት፤ ጥበቃዎቹ ደጅ ቆሙ። መፍቻውን በጨርቅ ጠቅልሎ ከአልጋው ሥር አስገባ። እጁን ያዝኩት።

"ወላሂ ደመና ነበር" አልኩት።

"አውቃለሁ፣ እዚያም ደመና ነበር" አለኝ። "ደመና ሌሊት እንደሚሄድ ያልነገርኩሽ እኔ ነኝ።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አላየሽም፣ አላወቅሽም። ሩቅያ አለች" አለኝ። ልጁን ጠየቀኝ፣ የጦይባን ልጅ፤ ከንፈሩ ቀላ እንዴ አለኝ። ቀላ አልኩት። አላየሁም ነበር።

ሁለት ቀን ቀበሌ ድረስ ምግብ አመላለስኩ። በሦስተኛው ቀን ሳህኑ እንደሄደ ተመለሰ፤ ወደ ኮምቦልቻ ወስደውታል አሉኝ። ቦኖው ላይ ስቆም ሴቱ ከፊቴም ከኋላዬም አንድ አንድ ክንድ ይተዋል። ጣውንትሽ የሚለኝ ጠፋ። በዚያው ቀን ከሰዓት ጦይባ በራፌ ላይ ቆመች። ጀርባዋ ባዶ ነው። ሁለቱን ጆንያ አጣጥፋ በሁለት እጇ ይዛለች፤ ጭዱን አራግፋ፣ አጥባቸዋለች።

"አማናሽን መለስኩ" አለችኝ። "ልጁ አልፏል።"

ተቀበልኳት። ውሃ ሰጠኋት፣ ጠጣች፣ መርቃኝ ሄደች። ወዴት እንደሄደች አላውቅም። እንግዲህ አስቡት፤ ልጁም አልዳነ፣ ቱቦውም አልዳነ፣ ባሌም ሄደ። ሰደቃዬ ለማን እንደደረሰ እስከ ዛሬ አላህን እጠይቃለሁ።

ጆንያዎቹን አልጋ ሥር ከመፍቻው ጎን ከተትኩና ወደ ልብስ ሰፊው ቢሮ ሄድኩ። ቢሮው የድሮው ሱቁ ነው። የስፌት መኪናው ጥግ ላይ ቀይ ጨርቅ ለብሶ ቆሟል። ብቻውን ነበር።

"ጋሼ፣ ጆንያውን የፈታሁት እኔ ነኝ" አልኩት። ጓድ ማለት ጠፋኝ።

ተነስቶ በሩን ዘጋ። "ለማን ለማን ተናገርሽ?"

"ለእርስዎ ብቻ።"

ተመልሶ ተቀመጠ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ማኅተም አንስቶ አስቀመጠ፣ እንደገና አነሳ። "ስሚኝ" አለኝ። "አንድ ሰው አምጣ አሉኝ፣ አንድ ሰው ሰጠሁ። ሁለተኛ ሰው አልጠየቁኝም። ከጠየቁኝ እሰጣለሁ፣ እኔም ልጆች አሉኝ። ሳይጠይቁኝ ሂጂ።"

"ይመርስ?"

"ይመር ረሳሁ ብሎ ፈርሟል።"

"ይመር ረስቶ አያውቅም፣ ጋሼ።"

"እሱን እኔም አውቃለሁ" አለ። ዓይኑን ከማኅተሙ ላይ አላነሳም። ዘመድ የት እንዳለኝ ጠየቀኝ። እህቴ ደጋን ናት አልኩት። በዚያን ጊዜ ያለ ቀበሌ ወረቀት ኬላ አይታለፍም፤ እህቷን ልትጠይቅ ነው የሚል መሸኛ ጻፈልኝ፣ ማኅተሙን መታ። ስወጣ፣ "ያንን ሰማያዊ ቀሚስ አትልበሺ" አለኝ፣ "አገር ያውቅሻል።" በሕይወቴ እንደዚያ ሰው የጠላሁት የለም። እንደ እሱ ያዘንኩለትም የለም። ዛሬ ሱቁ ስልክ ይሸጥበታል።

ንጋት ላይ ሩቅያን አስነሳሁ። ሁለቱን ጆንያ ብብቴ ውስጥ አድርጌ መጀመሪያ ወደ ገደሉ ወጣሁ። ጣውንቴ ከመነዳሪዋን እንደ ቁስል ጨርቅ ታጥቃ፣ መካከሏ ራቁቱን ቆሟል፤ ማንም መልሶ አላለበሳትም። ቁርጥማት እንደያዘው ሰው ከመጋጠሚያዋ ላይ ውሃ ይንጠባጠባል። ጭድ አልነበረኝም። ጆንያዎቹን ጠቀለልኩባት፣ በነጠላዬ ጥለት ቅዳጅ አሰርኳት፤ ሁለት ጊዜ አዙሬ በራሱ ሥር አሳለፍኩት። ለምን እንዳደረግሁት አላውቅም። የሚረባ ነገር አልነበረም። ሩቅያ አባቴ ሲመጣ ደህና ናት እንድንለው ነው አይደል አለችኝ። አዎ አልኳት።

የሐረጎን ቁልቁለት በእግራችን ወረድን። በግራና በቀኝ የሚወጣው ሰው ብዙ ነው፣ የምንወርደው እኛ ብቻ የሆንን መሰለኝ። ኬላው ላይ አንዱ ወታደር መሸኛውን ገልብጦ አነበበ፣ ከዚያ አቅንቶ አነበበ። ባልሽ የት ነው አለኝ። ኮምቦልቻ፣ ሥራ ላይ አልኩት። ጥቅሌን ፈታው፤ አንድ ቀሚስ፣ የሩቅያ ጋቢ፣ ትንሽ ቆሎ። ከቆሎው አንድ እፍኝ ወሰደና ለቀቀን። ጆንያዎቹን ይዤ ቢሆን ኖሮ አይለቀንም ነበር።

ኮምቦልቻ ስንደርስ የይመርን መጋዘን ጠይቄ አገኘሁት። አዲሶቹ ቱቦዎች በሽቦው አጥር አጠገብ ተቆልለዋል። በመካከላቸው ሣር በቅሏል፣ ሣሩም ደርቋል። ከቁልሉ ጀርባ ንፋስ የሚሸሹ ሰዎች ተኝተዋል። ሃያ ክንድ ብቻ ነበር ያስፈለገው። እኔ ቆሜ ሳይ ሩቅያ አጥሩ በተቀደደበት ሾልካ አፏን አንዱ ቱቦ ላይ ገጠመችና "አባ" ብላ ጠራች። ድምፁ በወዲያኛው ጫፍ ወፍሮ ወጣ፣ የትልቅ ሰው ድምፅ ሆኖ። ደነገጠችና ሳቀች። በዚያ መንገድ ሁሉ ሳቅ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ እስር ቤቱ በር ላይ ዳቦ ይዤ ሄድኩ። ዘበኛው የእስረኞቹን ስም ዝርዝር አየና ይመር የሚባል የለም አለኝ። ትናንት ከሰፋሪዎች ጋር አውቶቡስ ያስገቧቸው አሉ፣ ወደ ለሙ አገር ሄደዋል አለኝ። የትኛው ለም አገር ብዬ ስጠይቀው ወደ ምዕራብ በእጁ አመለከተ፣ ፀሐይ ወደምትጠልቅበት። ከዓመታት በኋላ አንድ ሰው በዚያ በኩል ጉድጓድ ውሃ የሚቆፍር ወሎዬ አየሁ፣ ስሙን ግን አልጠየቅሁትም ብሎኛል። ያ ነው ያለኝ። መንግሥት ሲለወጥ ደሴ ተመልሼ በዚያው ሰፈር የተከራየሁትም ለዚያ ነው፤ ቢመጣ የሚያውቀው መንገድ ይህ ነውና። አሁን ያንንም ቆፈሩት።

ዳቦውን ለሩቅያ ሰጠኋት። በማግስቱ ከኮምቦልቻ ወዲያ ሄድን፤ አንድ ባለጋሪ ትንሽ አሳፈረን፣ የቀረውን በእግር። ቆላው ሲቀርብ ሩቅያ ጋቢዋን አውልቃ ለእኔ አሸከመችኝ። ደጋን የገባነው ለዙሁር አዛን ሲባል ነው። እህቴ በሩ ላይ ልብስ ታሰጣለች፤ ስታየኝ እጇ ላይ ያለው ልብስ ወደቀ፣ ማን ሞተ አለችኝ። መልሴን ሳትጠብቅ ሩቅያን አቅፋ ገባች። እኔ ግን ወዲያው አልገባሁም። ከቤቷ ፊት ያለው መስጊድ ግድግዳ ላይ ለሶላት የሚታጠቡበት የውዱ ቧንቧ ከመሬት ወጥቶ እስከ መክፈቻው ይወጣል፤ ጭድ የለው፣ ጆንያ የለው፣ ራቁቱን ፀሐይ ላይ። ሄጄ በመዳፌ ያዝኩት። ሞቆ ነበር። እዚህ ውርጭ አይወርድም፣ ማንም ማንንም ማልበስ የለበትም። እህቴ ከውስጥ ደህና ናችሁ ወይ ብላ ጮኸች። ደህና ነን አልኩ። ደርሰናል። እኔና ልጄ ተርፈናል።